ቡና ያልገባበት ቤት

በዚያ ዘመን መካነ ሰላም ላይ ሻይ ቤት የሚባለው ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው ከገበያው ራስጌ ያለው የወይዘሮ በለጡ ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እየጮኸ ሰው ለሰው አያሰማማም፤ አግዳሚዎቹም ሲቀመጡባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር። ጥሩ ያደረገችው የወይዘሮ በለጡ ልጅ ሐረግ ናት።

ሐረግ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደንበኞቿን ከስማቸው ይልቅ በሻያቸው ታውቃቸዋለች። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቀጭን ይወዳል። ነጋዴው ሞላ ሻዩን ከብርጭቆው ወደ ሰሃኑ እየገለበጠ እፍ እያለ ነው የሚጠጣው። አስተማሪዎቹ ቅርንፉድ በዛ ያለበት ካልሆነ አይጥማቸውም። በር ላይ ብቅ ሲሉ ገና ሳይቀመጡ ትቀዳላቸዋለች።

እሷ ራሷ ግን ሻይ አትወድም። ስታፈላ ትቆይና ልክ አራት ሰዓት ሲሆን በጓሮ ዞራ ጎረቤታቸው እትዬ ሀሊማ ዘንድ ትገባለች። እዚያ ጨው ጣል የተደረገበት ቡና ይጠብቃታል። የመጀመሪያውን ሲኒ ቃል ሳትተነፍስ ትጠጣለች፤ ሁለተኛው ላይ ወሬ ትጀምራለች፤ ሦስተኛው ላይ እትዬ ሀሊማ ዱዓ ያደርጉላታል፣ እሷም አሜን ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ያ ሲኒ የቀረ ቀን ራሷን ለሁለት ይከፍላታል፤ ሰው ሁሉ ያስጠላታል። እናቷ ሻይ እየሸጡ የቡና ሱሰኛ መሆን ምን ይሉታል እያሉ ይቆጧት ነበር።

ንጉሡ የሚባለው ወጣት በስልሳ አምስት መስከረም መጣ። የክሊኒኩ አዲስ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢ ነው፤ የከላላ ልጅ፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። የመጀመሪያ ቀን ጥግ ይዞ ተቀመጠና ከቀዳችለት ሻይ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሐረግ ሻይዋን ያስቀመጠባት ሰው ስለሌለ ደነገጠች።

«ምን ጎደለው?» አለችው።

«ስኳር።»

«ሦስት ማንኪያ አድርጌበታለሁ።»

«እኔ አራት ነው የምጠጣው» አለ፤ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ።

ሐረግ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ይኼ ታዲያ ሻይ ነው ወይስ ብርዝ ብላ ጠየቀችው። እሱም ፈገግ አለ። ቀስ በቀስ ነገሩን ነገራት። አባቱ መሪጌታ ቸኮል ይባላሉ፤ እንደ ጥንቱ የቤተ ክህነት ሰው ቡና የክርስቲያን ቤት መጠጥ አይደለም ብለው የሚያምኑ፣ ቡና በደጃፋቸው አልፎ የማያውቅ። በልጅነቱ አጎቱ ከደሴ ሲመጣ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዞለት ይመጣል፤ ያን ቀን እናቱ ሻይ ታፈላለች። ለእሱ ዓመት በዓል ማለት ያ ነበር። አራት ማንኪያውም ከዚያ የቀረ ነው።

«እርስዎ ራስዎ ቡና ጠጥተው አያውቁም ማለት ነው?»

«አላውቅም። ሽታውን ግን አውቀዋለሁ። ጎረቤት ሲቆላ አጥር ሥር ቆሜ አሸት ነበር።»

ሐረግ የስኳሩን ዕቃ ሳበች። አራተኛውን ማንኪያ ጨመረችና አማሰለችለት። በዚያ ምሽት ለእናቷ እንጀራ ስታቀርብ፣ አጥር ሥር ቆሞ የሚያሸት አንድ ትንሽ ልጅ ዓይኗ ላይ ይመላለስ ነበር።

ንጉሡ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ መምጣት ጀመረ። ሐረግ ከእትዬ ሀሊማ ቤት የምትመለሰው ልክ ያኔ ነው። ቡናዋን ጠጥታ፣ ፊቷ ፈክቶ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ስትገባ ቀና ብሎ ያያትና መልሶ ብርጭቆውን ያያል። ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር ብዙም አያወሩም። ወይዘሮ በለጡ ግን ልጃቸው አራት ማንኪያ ስኳር ስታማስል ከሌላው ሰው ሻይ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድባት ልብ ብለዋል።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ግንቦት ላይ ከቆላው በኩል ሰው መምጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ በኋላ በቤተሰብ፣ ከዚያም ቁጥራቸው የማይታወቅ። ገበያው ዳር ይቀመጣሉ፤ አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያያሉ። ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያየውን ነገር በስሙ ለመጥራት ይፈራ ነበር። ጸሐፊው እንኳ ሻዩን እየጠጣ «ያ ነገር» ይላል እንጂ ረኃብ አይልም።

ንጉሡም ያኔ ጠባዩ ተለወጠ። አንድ ቀን ሐረግ እንደ ልማዷ ስኳር ልትጨምር ስትል እጁን በብርጭቆው ላይ አደረገ። ያለ ስኳር ይበቃኛል አላት። ድርሻውን በወረቀት እንድትጠቀልልለት ለመናት። በማግስቱም እንዲሁ። ሻዩን ፊቱን ጨምደድ እያደረገ እንደ መድኃኒት ይጨልጠዋል፤ ወረቀቷን ኪሱ ይከታል፤ ይሄዳል። መቀመጥ ተወ። ማየትም ተወ።

ሐረግ ነገሩን ስታሰላስለው አንድ መልስ ብቻ ነው የመጣላት፤ ስኳሩ ለሴት ነው። አጎቱ ለእሱ ያመጣለት እንደነበረው፣ እሱም በወረቀት ጠቅልሎ የሚወስድላት አንዲት ሴት አለች። ሲመጣ በወይዘሮ በለጡ ታስቀዳለት ጀመር፤ እሷ ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ታጥባለች። እትዬ ሀሊማ ዘንድ ስትሄድም ሦስተኛውን ሲኒ ሳትጠጣ ትነሳለች። እትዬ ሀሊማ አንድ ቀን እጇን ይዘው አስቀመጧት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው ቡናዬን የምትገፊው?»

ሐረግ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነገረቻቸው። እትዬ ሀሊማ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ፣ ከተማው ሁሉ ያወቀውን አንቺ ብቻ ነሽ ያላወቅሽ። ሂጂና ከክሊኒኩ ጀርባ ያለውን የእህል መጋዘን በዓይንሽ እይው» አሏት።

ሐረግ ሄደች። መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ቆይቷል፤ ያን ቀን ግን ሰው ሞልቶታል። በደረቅ ሣር ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። ንጉሡ ኮቱን አውልቆ ተንበርክኳል፤ አንዲት ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስኳርና ቁንጥር ጨው አሟሙቶ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ያደርግላታል። ሕፃኗ ስትተፋው ይጠብቃል፤ ደግሞ ይሰጣታል። ሐረግ በር ላይ ቆማ ስንት ማንኪያ እንደ ሰጣት አታውቅም። ቀና ሲል አያት። አፈረ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ? ስኳራችሁን ስጡኝ ብዬ? እናትሽ በዚያ ነው የሚተዳደሩት።»

ሐረግ ቤቷ ተመልሳ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ በለጡ በጣም ተቆጡ። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያች ማንቆርቆሪያ እንደሆነ፣ ለመንግሥት ሥራ የመንግሥት ስኳር እንዳለ ተናገሩ። ከዚያ ለገበያ እወጣለሁ ብለው ወጡ፤ በመጋዘኑ በኩል አልፈው ኖሮ ሲመለሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። በማግስቱ ጠዋት በቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ሁለት ማንኪያ ብቻ ይደረግ አሉ። ሞላ ሲያጉረመርም፣ የጎደለህን ከመጋዘን ሄደህ ጠይቅ አሉት። ሞላ በሳምንቱ በአህያ የተጫነ ግማሽ ኬሻ ስኳር ክሊኒኩ በር ላይ አውርዶ፣ ስሜን እንዳትጠሩ ብሎ ሄደ።

ሐረግ ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላውን መጋዘን ትውል ጀመር። ውኃ ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ታጠጣለች። ከንጉሡ ጋር በአንድ ማሰሮ ዙሪያ ይሠራሉ። እጃቸው ሲነካካ ሁለቱም ቶሎ አይመልሱትም፤ ግን በዚያ ቦታ ስለ ራስ ማውራት ነውር ይመስላቸው ነበር።

ሸጋዬ የምትባል ሴት የመጣችው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ከአባይ በረሃ አፋፍ ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ ነው የወጣችው። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ንጉሡ የስኳሩን ውኃ ሲያቀርብላት ፊቷን አዞረች። አጥሚት አቀረቡላት፤ አሁንም አዞረች። ምን እንደሚያማት ሲጠይቋት ግንባሯን ያዘች።

«ራሴን» አለች። «ቡና ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ።»

ንጉሡ በባዶ ሆዷ ቡና እንደማይሆናት ለሐረግ በሹክሹክታ ነገራት። ሐረግ ግን ያን ሕመም ታውቀዋለች፤ ከሰው ሁሉ የሚለየውን፣ ብርሃን እንኳ የሚያስጠላውን። ልትከራከረው አልፈለገችም፤ ተነስታ ሄደች። እትዬ ሀሊማ ጀበናውን ከነምድጃው ሙቀት በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት፤ ሁለት ሲኒም ጨመሩላት።

ሸጋዬ ሽታው ሲመጣ ዓይኗን ገለጠች። ሐረግ ቀድታ በእጇ አስያዘቻት። ሴትየዋ ግን አልጠጣችም፤ ወደ ንጉሡ ዘረጋችው።

«አንተ ቅመስልኝ፤ ብቻዬን አይወርድልኝም። ከባሌና ከጎረቤቶቼ ጋር ነበር የምጠጣው» አለችው።

ንጉሡ ሐረግን አያት። ከዚያ ሲኒውን ተቀበለ፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ጠጣ። ጨው ያለበት፣ መራራ፣ ትኩስ ነበር። ግማሹን ጠጥቶ መለሰላት፤ እሷም ከከንፈሩ የቀረውን ሳትጠየፍ ቀስ እያለች ጨረሰችው። ሁለተኛውን ሐረግ ከእሷ ጋር ጠጣች። ሸጋዬ ግንባሯ ተፈታ፤ ስለ አገሯ አወራች፤ ስለ ማሽላዋ፣ ባሏ እንዴት ቀልደኛ እንደነበር። በመጨረሻም ሁለቱን አፈራርቃ አይታ፣ ወልዳችሁ ሳሙ ብላ መረቀቻቸው። ባልና ሚስት መስለዋታል። ሁለቱም አላረሟትም።

በሦስተኛው ቀን ሸጋዬ አረፈች። ከቀብር ሲመለሱ ንጉሡ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሐረግ፣ አሜን ብዬ ነበር። በሆዴ።»

«እኔም ብያለሁ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» አለችው።

መስቀልን አሳልፎ ንጉሡ ከላላ ወርዶ ሐረግን ሊያገባ እንዳሰበ ለአባቱ ነገረ። የተመለሰው ፊቱ ጠቁሮ ነው። መሪጌታ የልጃቸው ነገር ብዙም አላስጮሃቸውም፤ በጸጥታ ነው የተናገሩት። አላፊ አግዳሚ ሲቀመጥበት ከሚውል ሻይ ቤት የወጣች፣ በቡና ያደገች ልጅ በዚህ ቤት ምራት አትባልም፤ አንተ ካገባሃትም እዚህ አትምጣ አሉት። ወሬው ወይዘሮ በለጡ ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም ኩሩ ነበሩ። እኔን የናቀ ቤት ልጄን አያገኛትም አሉ። ሁለቱ ወጣቶች ያለ ወላጅ ምርቃት ጎጆ መውጣቱን አልደፈሩትም። እንጠብቅ ተባባሉ።

ጥበቃው እንዲያ ይረዝማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ። ከተማው ውስጥ «ያ ነገር» ሲባል የነበረው በአደባባይ በስሙ ተጠራ። ንጉሡም በስብሰባ ላይ ተነስቶ ስለ መጋዘኑ ተናገረ፤ ብዙ ሰው አለቀሰ፣ ጥቂቶች ግን ቂም ያዙ። በስልሳ ሰባት ወደ ኩታበር ተዛወረ።

ከዚያ ደብዳቤ ሆነ። የኩታበር ሻይ ጭስ ጭስ እንደሚል ጻፈላት። አሁን ቡና መልመዱን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሲኒ፣ እሷ በምትጠጣበት ሰዓት እንደሚጠጣ ጻፈላት። ሐረግ ያን ደብዳቤ ለእትዬ ሀሊማ አነበበችላቸው። እሳቸው ደግሞ አራት ሰዓት ሲሆን «ተነሽ፣ ሰውዬሽ ይጠብቅሻል» እያሉ ይጠሯት ጀመር። ሐረግ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሁለት የትዳር ጠያቂ መለሰች። ዛሬ ፀጉሯ ነጥቶ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ፣ ከዕድሜዬ ሁሉ የማልረሳው ያ የጥበቃ ዘመን ነው ትላለች፤ ሁለት ተራራ ተሻግሮ አብሯት ቡና የሚጠጣ ሰው ነበራትና።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ደብዳቤው ተቋረጠ። በመጋቢት ከኩታበር የመጣ ሹፌር ንጉሡ ተይዞ ደሴ መታሰሩን ነገራት። በምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ ይህን መጠየቅም አይቻልም ነበር። ሐረግ ደሴ ድረስ ሄዳ ስንቅ አቀበለች፤ እሱን ግን አላሳዩዋትም። ዕቃው ሲመለስ ውስጡ አስጠግኚልኝ ከሚል መልእክት ጋር የላከው ነጠላ ጫማው ነበር፤ በሕይወት መኖሩን በዚያ አወቀች።

ስትመለስ ሌላ ወሬ ጠበቃት። መሪጌታ ቸኮል ዓይናቸው ደክሟል፤ እግራቸው ተይዟል። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ መሬቱ በአዋጅ ተወስዷል፤ ተማሪዎቻቸው ተበትነዋል። ጎረቤት ነው የሚያበላቸው። ሐረግ አንድ ሌሊት ስትገላበጥ አድራ ጠዋት ለእናቷ ከላላ እሄዳለሁ አለቻቸው።

ወይዘሮ በለጡ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ያን የናቀንን ሰው ልታስታምሚ?» አሉ።

«የንጉሡ አባት ናቸው። እሱ እስኪወጣ ማን አለላቸው?»

እናቷ አልመረቋትም፤ ግን ለመንገድ የሚሆን በሶ አዘጋጁላት። እትዬ ሀሊማ ጥሬ ቡና በትንሽ ከረጢት ቋጥረው «አላህ ያግራልሽ» ብለው ሸኟት። በሁለተኛው ቀን ከላላ ገባች።

መሪጌታ መደብ ላይ ተኝተው ነበር። ማነሽ አሏት።

«ሐረግ እባላለሁ፣ የኔታ። የበለጡ ልጅ፣ ከመካነ ሰላም።»

«ምን ፍለጋ መጣሽ?»

«ንጉሡ በሕይወት እንዳለ ልነግርዎት ነው። ካላስወጡኝ ደግሞ ልሰነብት።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ውጪ» ግን አላሏትም። ሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ እሳት አቀጣጠለች።

እንዲህ ወራት አለፉ። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ዳዊቱን በቃላቸው ሲደግሙ በር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ከምግብ በኋላ ሻይ ታፈላላቸዋለች፤ ይጠጣሉ፤ ተመስገን ይላሉ፤ እሷን ግን በስሟ አይጠሯትም። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሐረግ ከረጢቷን ይዛ ጎረቤታቸው ድንቅነሽ ዘንድ ትሄዳለች፤ ቡናዋን እዚያ ጠጥታ፣ አፏን ተጉመጥምጣ ትመለሳለች። በሰው ቤት ሥርዓት መግባት አልፈለገችም።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ሐረግ መውጣት አልቻለችም። እኩለ ቀን ሲሆን ግንባሯን በመቀነት አስራ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። መሪጌታ ጥቂት አዳመጡና ዛሬ ለምን እንዳልሄደች ጠየቋት። ሐረግ ደነገጠች። የት እንደምትሄድ ያውቁ ኖሯል።

«ምንድን ነው እሱ፣ ካልጠጡት የሚያሳምም?» አሉ።

ሐረግ በክርክር አልመለሰችም። ስለ ሸጋዬ ነገረቻቸው፤ ስለ ቀበረቻቸው ልጆቿ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ሲኒው። መሪጌታ በመሐል አላቋረጧትም።

«ንጉሡ ጠጣ?»

«ጠጡ።» የድሮው አክብሮት አምልጧት ነው፤ አረመች፤ «ጠጣ።»

«በእሷ ሲኒ?»

«በእሷ ሲኒ፤ ብቻዬን አይወርድልኝም ስላለችው።»

የመሪጌታ እንባ በጉንጫቸው ሲወርድ ሐረግ አየች፤ እንዳላየች ሆና እሳቱን ቆሰቆሰች። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ከረጢቷን አንስታ ልትወጣ ስትል ጠሯት። በስሟ።

«ሐረግ፣ በዚህ ጭቃ አትሂጂ። ቡናሽን እዚሁ አፍይ። እኔ አልጠጣም፤ ሽታው ግን አይገድለኝም። ድንቅነሽንም ጥሪያት።»

ንጉሡ የተፈታው በሰባ አንድ ግንቦት ነው። ከደሴ እስከ ወረኢሉ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሩ መጣ። ሐረግ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አጥሩ ሥር የቆመ አንድ ቀጭን ሰው አየች። እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከአራት ዓመት በኋላ ቆመው ተያዩ።

መጀመሪያ የተናገሩት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት መሪጌታ ናቸው፤ ዳናውን አውቀው በስሙ ጠሩት። ንጉሡ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ጭንቅላቱን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ሐረግ ግን በአባቱ ቤት ምን እንደምትሠራ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለች የነገረው ሰው ስላልነበረ፣ ያስወጧታል ብሎ ሰጋ። ቀና ብሎ የሷን እጅ ያዘ።

«አባቴ፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ይቺን ልጅ ወደ ቤትዎ እንዳስገባት ይፍቀዱልኝ።»

መሪጌታ የማያይ ዓይናቸውን ወደ ሁለቱ አቀኑ።

«እሷማ ገብታለች» አሉ። «የዘገየኸው አንተ ነህ። ግባ።»